ምስክሩ ሰው በነበረበት ጊዜ

በአብነት ትምህርት ቤት ሥርዓት አንድ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ፈጸመ ለመባል «ማስመስከር» ይኖርበት ነበር፤ ሥርዓቱ ዛሬም አልቀረም። ድጓ የተማረው ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረው ወደ ዙር አባ ይወርዳል። ቀለሙንም ለሙያው ሊቅ አሰምቶ፣ ሊቁ ሲያምንበት ብቻ መምህር ተብሎ ይወጣል። ምስክሩ ወረቀት ሳይሆን ሰው ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ሲዘልቅ አዲስ ቅኔ እየቆጠረ ለመምህሩ ያቀርባል። የትናንቱን ዛሬ ቢደግም ወይም የባልንጀራውን ቢያመጣ በጉባኤው ፊት ያፍራል። ሥርዓቱ እንከን አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። በዜማ ቤት የቃል ጥናት የብዙዎችን ዕድሜ በልቷል፤ ሴቶችም፣ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ብርቅ ሊቃውንት ባይጠፉም፣ አብዛኞቹ ከደጅ የቀሩ ነበሩ። ይሁንና መስካሪው የሚመሰክርለትን ሰው ያውቀዋል፤ ቃሉ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚዋረደውም እርሱ ራሱ ነው።

በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የውጭ ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎችን ለመንግሥት ሥራ እንዲያፈራ ታስቦ የተቋቋመ ነበር። ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪዎቹን ለለንደን ማትሪኩሌሽን ያዘጋጅ ጀመር። «ማትሪክ» የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ ከአፍ አልጠፋም። ፈታኙ ተፈታኙን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ስለማያውቀውም አያዳላለትም። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ጥቅም አይደለም። የተማረ ሰው ጥቂት በነበረበት በዚያ ዘመን ወረቀቱን የያዘ ሁሉ ሳይቸገር ከቢሮ ወንበር ይደርስ ነበር።

በ1960ዎቹ ዓመታት ወረቀት ይዘው ሥራ ያጡ ወጣቶች በዙ። መንግሥት አብዛኞቹን ልጆች በአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ለመወሰን ያሰበበት «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት መምህራንን አስቆጣ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ። ሰነዱ ስለ ተግባራዊ ዕውቀት ብዙ ቢናገርም፣ የድኻው ወላጅ ያየው በልጁ ላይ የሚዘጋውን በር ነበር። ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም፤ እንጀራው በወረቀቱ ተሰፍሮ ነበርና።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሁሉም እዚያ የደረሱት ከክፍል ወደ ክፍል «ተዛውሯል» የሚል ካርድ በየዓመቱ እየተሰጣቸው ነበር፤ ካርዱን የሞላው ደግሞ ስማቸውን የሚያውቅ መምህር ነው።