ሻንሲው የሚመሰክረው፤ የአሮጌው ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ማንነትና እድሳት

አሮጌ መኪና መግዛት ገንዘብ ላለው ሰው አስቸጋሪ አይደለም። የተገዛው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግዥው በኋላ የሚጀመር ሥራ ነው። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ፣ በአያት ወይም በሰሚት ከሚገኙት ግቢዎች በአንዱ፣ ሸራ ለብሳ አያሌ ዓመታት የቆመች አንዲት ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ ለሽያጭ ቀረበች እንበል። ሊብሬዋ የሥሪት ዘመኗን «1974» ይላል። መዝጋቢው በየትኛው አቆጣጠር እንደ ጻፈ ካላመለከተ፣ ይህ ቁጥር ለሁለት የተለያዩ መኪናዎች ይሆናል። የአውሮፓውያን አቆጣጠር ከሆነ የቤንዚን ሞተሯ «ኤፍ» የተባለው፣ 3,878 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘት ያለው ባለ ስድስት ሲሊንደር መሆን ይገባዋል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ግን መኪናይቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ታንሳለች፤ በዚያን ጊዜ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ ጀመረው ባለ 4,230 ሴንቲ ሜትር ኩብ «2ኤፍ» ሞተር ተሸጋግሮ ነበር። የፊተኛው የሲሊንደር ስፋት 90፣ የኋለኛው 94 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ የአንዱ ፒስቶን ለሌላው አይገባም። እንግዲህ ማንነትን መለየት የሰብሳቢዎች ቅንጦት ሳይሆን የመለዋወጫ ግዥ መነሻ ነው ማለት ነው።

መኪናይቱ የተወለደችበት ዘመን ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር በአጋጣሚ ይገናኛል። የኮሪያ ጦርነት በተፋፋመበት ወቅት ጂፕን የመሰለ ቀላል መኪና በጃፓን እንዲሠራ ፍላጎት በመፈጠሩ፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 «ቢጄ» የተባለችውን ናሙና አቀረበ። በዚያው ክረምት የፋብሪካው ነጂ መኪናይቱን ይዞ የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣ። ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1943 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ የደረሰውም በዚያው ዓመት ነበር። «ጂፕ» የሚለው ስም የዊሊስ ኩባንያ ንብረት ስለ ነበር ቶዮታ ሊጠቀምበት አልቻለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1954 «ላንድ ክሩዘር» የሚል ስም ወጣላት። ስሙ ከስድስት ዓመት በፊት በአምስተርዳም ትርኢት ለዓለም ከታየው ከእንግሊዙ ላንድሮቨር ጋር ለመፎካከር መታሰቡን ለማስተዋል ብዙ መመራመር አያሻም። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው የ40 ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጀመረ። ከእርሱ ውስጥ ረጅም ሻንሲ ያለውና ከኋላ ጭነት የሚይዘው «45» ተባለ። ይህ ሥሪትና ተከታዩ «47» እ.ኤ.አ. በ1984 ለ70 ተከታታይ ቦታቸውን ለቀቁ።

ፒክአፑ ለኢትዮጵያ ገጠር የተስማማው በውበቱ አልነበረም። ኃይሉ ለአራቱም ጎማ መድረሱ፣ ዝቅተኛ ማርሽ መያዙና ሰውንም ዕቃንም አንድ ላይ መጫኑ በቂ ምክንያት ነበር። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመበት ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ዋና ዋና መንገዶች ቢዘረጉም፣ ከአስፋልቱ ወጥቶ ወረዳ ለመድረስ ገና ጭቃና ድንጋይ ማለፍ ግድ ነበር። በ1963 ዓ.ም. የተጀመረውና የመጨረሻውን የኢትዮጵያ ሕመምተኛ በ1968 ዓ.ም. ያገኘው የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ መኪና እስከሚገባበት በእንዲህ ያሉ መኪናዎች፣ ከዚያ ወዲያ በእግርና በበቅሎ፣ አልፎ አልፎም በሄሊኮፕተር ነበር የተካሄደው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽንም ሥራው ከመንገድ ውጭ ወደሚገኙ ቀበሌዎች የሚያደርስ ነበር። አንዲት ፒክአፕ ስትገኝ በማን እጅ እንዳለፈች መጠየቅ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ጥያቄውን መጀመሪያ የሚመልሰው ሻንሲው ነው። ቁጥሩ ከቀኝ በኩል በሻንሲው ብረት ላይ ከፊት ጎማው አካባቢ ተመትቷል፤ በዝገት፣ በጭቃና በቅባት ስለሚሸፈን ብዙዎች የለም ብለው ይተዉታል። ሊታጠብና በለስላሳ ብሩሽ ሊጸዳ ይገባዋል፤ መሞረጃ ወይም የመፍጫ ድንጋይ ከነካው ግን የመኪናይቱ ምስክር አንድ ጊዜ ጠፋ ማለት ነው። ከቁጥሩ ፊት ያሉት ፊደሎች ብዙ ይናገራሉ። «ኤፍጄ» የቤንዚን ሞተር ይዛ መውጣቷን፣ «ኤችጄ» ደግሞ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ መሆኗን ያመለክታል። ስለዚህ ሻንሲው «ኤፍጄ45» እያለ ከኮፋኖው ሥር የናፍጣ ሞተር ቢገኝ፣ ሞተሩ በኋላ የገባ ነው።

ይህን ማጭበርበር ብሎ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ማቆማቸው ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር። ሞተሩ የተቃጠለበት ባለቤት ያለው ምርጫ ከሶማሌ ተራ ወይም ከምናለሽ ተራ የተገኘውን አምጥቶ ማስማማት ነበር። የአገራችን መካኒክ ታሪክ በመጽሐፍ ሳይሆን በእንደነዚህ ዓይነት ማስማሚያዎች ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቋንቋው እንኳ የራሱ ታሪክ አለው፤ ጃፓን የሠራችውን መኪና ኢትዮጵያዊው ባለሙያ እስከ ዛሬ የሚፈታው በጣሊያንኛ ነው፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ።

ሁለተኛው ምስክር መሪው ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. የመንገድ አነዳዷን ከግራ ወደ ቀኝ ቀይራለች። መሪዋ በቀኝ በኩል የሆነ መኪና ብትገኝ ከዚያ በፊት የገባች ልትሆን ትችላለች፤ ከግራ ነጂ ጎረቤት አገር ዘግይታ የመጣች ልትሆንም ትችላለች፤ ስለዚህ ይህ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሦስተኛው ቀለም ነው። በበሩ ላይ ትንሽ ቦታ መርጦ በውሃ ወረቀት ቀስ ብሎ ቢልጡት፣ ከላይኛው ቀለም ሥር ነጭ፣ ከነጩ ሥር ካኪ፣ አልፎ አልፎም የአንድ መሥሪያ ቤት ምልክት ጠርዝ ብቅ ሊል ይችላል። ባቲላሜራው ስቱኮውን ለመምታት እስከ ብረቱ ድረስ ሲፍቀው ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይጠፋል። ቢያንስ ፎቶግራፍ ሳይነሣ እንዲፋቅ የሚያዝ ባለቤት ከመኪናው ዋጋ ከፊሉን በራሱ እጅ ይጥላል።

በእድሳቱ ላይ የሚነሣው ዋናው ክርክር ወደ የትኛው ዘመን ትመለስ የሚለው ነው። በውጭ አገር ያለው ልማድ መኪናን ከፋብሪካ እንደ ወጣችበት ቀን ማድረግ ነው። ቶዮታም እ.ኤ.አ. በ2021 ለ40 ተከታታይ የተቋረጡ መለዋወጫዎችን እንደገና እንደሚሠራ ስላስታወቀ ልማዱ በርትቷል። ለኢትዮጵያዊቷ ፒክአፕ ግን ይህ ግማሽ እውነት ነው። ለምሳሌ ካርቡራቶሩን እንውሰድ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ለባሕር ዳርቻ የተለካው ቀዳዳ እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውን ያጠቁራል፤ ጉልበትም ያንሳል። አንድ የድሮ መካኒክ ቀዳዳውን አጥብቦ ከተገኘ፣ ያን «ስሕተት» ወደ መጽሐፉ ቁጥር መመለስ መኪናይቱን ማሳመም ነው።

ባሌስትራውም እንደዚሁ ነው። ከመጠን በላይ ለመጫን ሲባል ተጨማሪ ቅጠል የገባባቸው ብዙ ናቸው። ቅጠሉ ራሱ የሥራዋ ማስታወሻ ቢሆንም፣ የጸደቀ ልማድ ነው ተብሎ በጭፍን ሊተው አይገባውም። ባሌስትራው ሲደነድን ጭነቱ የሚያርፈው በሻንሲው ላይ ነውና፣ የባሌስትራ ማሠሪያዎቹና የመሪው ሳጥን የታሰረበት ብረት ስንጥቅ እንዳላቸው በደንብ ሊመረመሩ ይገባል። ስንጥቁ ላይ በብየዳ መለጠፍ ብቻውን አይበቃም፤ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ተበስቶ መሄዱ ከተገታ በኋላ ነው መበየድ ያለበት። በአገር ውስጥ የተሠራ የጭነት ሳጥን፣ ሁለት የጎን አግዳሚዎችና የሸራ ቅስት ካላት ግን እነዚህን አውልቆ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው። ፋብሪካ ያወጣው ሳጥን በብዙ አገር ይገኛል፤ ሰው ተፋፍጎ ከገበያ ገበያ የተጓዘበት አግዳሚ ግን ሌላ ቦታ የለም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በአገር ውስጥ የቀሩት መኪናዎች ቁጥራቸው የተወሰነ ሆኗል። ስለዚህ ሻንሲውን፣ ሞተሩንና ሊብሬውን አስተያይቶ የሚያስረዳ መዝገብ ለእያንዳንዷ መክፈት ከቀለሙ ይቀድማል። የተለወጠው ሞተር ከነቁጥሩ ይመዝገብ፤ ሻንሲው ግን የሌላ መኪና ቁጥር እንዲለብስ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲመጣ መሐንዲሱ ሥራውን መመለስ አለበት።

ከታሪክ ጥበቃው ውጭ መሆን ያለበት አንድ ክፍል ፍሬን ነው። የቀደምቶቹ 45 ፍሬን በአራቱም ጎማ ከበሮ ነበር፤ በዘመኑ ይሠራባቸው የነበሩት የፍሬን ሸራዎች ደግሞ አስቤስቶስ የያዙ ነበሩ። ከበሮው ሲከፈት ያን አቧራ በአየር መንፋት በጋራዦች የተለመደ ቢሆንም ሳንባን የሚጎዳ ነው። ክፍሉ በውሃ ይርጠብ፣ ሠራተኛው ጭንብል ያድርግ፣ የተጠረገው አቧራም በፌስታል ታሽጎ ይወገድ። አሮጌው ሸራ ለማስታወሻ ተብሎ በመደርደሪያ ላይ አይቀመጥም።