የኩላሊትና የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ፦ ወረፋው የት ነው?

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ከከተማውም ሆነ ከቡሬ፣ ከደምበጫና ከጃቢ ጠህናን ገጠሮች ለሕክምና የሚመላለሱ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ሲጠይቁ እሰማለሁ። «ለኩላሊት ተመዝግበን ወረፋ ብንይዝ መቼ ይደርሰናል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በውስጡ አንድ የተሳሳተ ግምት አለ። ግምቱ በጊዜ ካልታረመ ሕመምተኛው የሌለ ተራ ሲጠብቅ ጊዜውንም ገንዘቡንም ይጨርሳል። በዛሬው ጽሑፌ ይህንኑ ጉዳይ ለማብራራት እሞክራለሁ።

ወረፋ ሲባል ምን ማለት ነው?

በውጭ አገር ስለ ንቅለ ተከላ ወረፋ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ከሞተ ሰው የሚገኝ አካል ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ በአገር አቀፉ መዝገብ ላይ ሰፍረው የሚጠባበቁት ሕሙማን ከ100,000 በላይ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የሚጠብቁት ኩላሊት ነው። አንድ ሰው በአደጋ ወይም በጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ምክንያት አንጎሉ ፈጽሞ መሥራቱን ሲያቆምና ቤተሰቡ ሲፈቅድ ኩላሊቶቹ ይወሰዳሉ። ለማን እንደሚሰጡም በመዝገቡ መሠረት ይወሰናል። እዚያም ቢሆን ቀድሞ የተመዘገበ ሁሉ ቀድሞ አያገኝም። የደም ዓይነት፣ የኅብረ ሕዋስ መጣጣም፣ የቆይታ ዘመን፣ ዕድሜና ርቀት አንድ ላይ ይታያሉ።

በኢትዮጵያ የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ግን በሕይወት ካለ ዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ለጋሹን ይዞ ይመጣል እንጂ ከመዝገብ አይጠብቅም። ለጋሽ የሌለው ሰው ስሙን ቢያስመዘግብም ተራው ወደፊት አይሄድለትም። በሌላ አነጋገር እውነተኛው ወረፋ የሚጀምረው ከቤት፣ ከወንድምና ከእህት መካከል ነው።

አገልግሎቱ በአገራችን እንዴት ተጀመረ?

በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1954 በቦስተን ከተማ ሲሆን፣ ለጋሹና ተቀባዩ መንትያ ወንድማማቾች ነበሩ። በአገራችን አገልግሎቱ የተጀመረው በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አብረው በመሥራትና የአገር ውስጥ ባለሙያዎችን በማሠልጠን ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ከዚያ በፊት ንቅለ ተከላ የሚፈልግ ሰው ያለው አማራጭ ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ሌላ አገር መሄድ ነበር። በመኪና ላይ ፎቶግራፍ ለጥፎ፣ በድምፅ ማጉያ «ወገን ድረስልኝ» እያሉ ገንዘብ ማሰባሰብ የተለመደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንዲሉ፣ በዚህ መንገድ የዳኑ አሉ። ገንዘቡ ሳይሞላ ያለፉም አሉ።

እስከዚያው የሚያቆየው እጥበት

ኩላሊታቸው ሥራውን ያቆመ ሰዎች ንቅለ ተከላው እስኪደርስ በሕይወት የሚቆዩት በማሽን በሚደረግ የደም እጥበት ወይም ዲያሊሲስ ነው። የተሟላ የሚባለው እጥበት በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ሰዓት ያህል የሚወስድ ነው። በአገራችን ብዙዎች በገንዘብ እጥረት ምክንያት በሳምንት 2 ጊዜ ብቻ ይታጠባሉ።

ለእኛ ለምዕራብ ጎጃም ሰዎች ችግሩ ድርብ ነው። የእጥበት አገልግሎት በአብዛኛው የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ባሕር ዳር ብትቀርብም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ የሚችል ገበሬ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከተማ ገብቶ ቤት ይከራያል። ጠያቂና አስታማሚ አብሮት ይሰደዳል፤ በሬው ይሸጣል፤ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል። ንቅለ ተከላው ከመድረሱ በፊት ቤቱ ይፈታል ማለት ነው።

የጤና መድንን በተመለከተም ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን ደንብ የአካል ንቅለ ተከላንና ለድንገተኛ የኩላሊት መድከም ከሚደረገው በስተቀር ዲያሊሲስን ከጥቅሉ ውጭ አድርጓቸዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር የያዘ ሰውም ቢሆን በሬውን ከመሸጡ በፊት ምን እንደሚሸፈንለት በወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይጠይቅ።

ለጋሽ መሆን የሚችለው ማን ነው?

ለጋሹ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ በፈቃዱ የሚሰጥና ጤነኛ መሆን አለበት። ስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የራሱ የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው አይሰጥም። በቅድሚያ የደም ዓይነት ይታያል። ኦ የሆነ ሰው ለሁሉም መስጠት ይችላል፤ መቀበል የሚችለው ግን ከኦ ብቻ ነው። ኤቢ የሆነ ሰው ከሁሉም ይቀበላል። ቀጥሎ የኅብረ ሕዋስ ምርመራ ይደረጋል። የለጋሹና የተቀባዩ ደም ተቀላቅሎም የተቀባዩ ደም የለጋሹን ሕዋሳት የሚያጠቃ መሆን አለመሆኑ ይጣራል። ዝምድናን የሚያረጋግጥ ሰነድም ስለሚያስፈልግ፣ ጉዳዩን ከቀበሌ ጀምሮ ማዘጋጀቱ ከተማ ገብቶ ከመመላለስ ያድናል።

በአገራችን በሰው አካል መነገድ በወንጀል ያስጠይቃል። በመሆኑም «ኩላሊት የሚሸጥ ሰው አገኛለሁ» የሚል ደላላ ሕመምተኛውንም ሻጩንም ወደ አደጋ የሚወስድ ነው።

ሳይነገር የሚቀር ሌላም ነገር አለ። በእኛ አገር ቤተሰብ ተሰብስቦ «አንተ ስጠው» ብሎ ከፈረደ፣ ታናሽ ወንድም ወይም እህት እምቢ ለማለት ይቸገራል። ለጋሹ ከሐኪሙ ጋር ለብቻው የመነጋገር መብት አለው። ካልፈለገም እስከ ቀዶ ሕክምናው ሰዓት ድረስ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። በአንድ ኩላሊት ጤነኛ ሆኖ መኖር እንደሚቻል የታወቀ ነው። ይሁንና የተሰጠው ተመልሶ አይመጣምና ውሳኔው የራሱ መሆን ይኖርበታል። ተቀባዩም ቢሆን ኩላሊቱ እንዲቀመጥለት መድኃኒቱን ዕድሜ ልኩን ሳያቋርጥ መውሰድ አለበት።

እውነተኛ ወረፋ ያለበት የዓይን ብሌን

በኢትዮጵያ ከሞተ ሰው በሚገኝ ልገሳ ላይ የተመሠረተ፣ ሕሙማን ተመዝግበው የሚጠባበቁበት ሕክምና የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ነው። የሚተካው ዓይን በሙሉ አይደለም፤ ከፊት ለፊት ያለው መስታወት መሰል ስስ ክፍል ነው። ይህንን ሥራ ለመምራት የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ብሌናቸውን ለመለገስ ቃል በመግባት ለብዙዎች አርአያ ሆነዋል። ከጊዜ በኋላ አገልግሎቱ በኢትዮጵያ የደምና ኅብረ ሕዋስ ባንክ አገልግሎት ሥር ተጠቃሏል።

ብሌኑ መነሳት ያለበት ሰው በሞተ በ6 ሰዓታት ያህል ውስጥ ነው። ሥራው ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ የሟቹን ፊት አያበላሽም፤ ቀብርም አያዘገይም። የአንድ ሰው ብሌኖች ለሁለት ሰዎች ይደርሳሉ። መነጽር ያደርግ የነበረ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰውም ሊለግስ ይችላል። ይሁን እንጂ ቃል መግባት ብቻውን አይበቃም። ቤተሰብ ካላወቀና ወዲያው ካልደወለ ፎርሙ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። እንደ እኛ ባለ ሩቅ ቦታ ደግሞ ብሌኑን የሚያነሳ ባለሙያ በ6 ሰዓታት ውስጥ ካልደረሰ ፈቃደኝነቱ ብቻ ፍሬ አያፈራም።

በ1998 ዓ.ም. ይፋ በሆነው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያውያን 1.6 በመቶ የሚሆኑት ዓይነ ስውራን ነበሩ። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ጠባሳ ምክንያት የታወሩ ናቸው። ሞራ በቀላል ቀዶ ሕክምና የሚወገድ ስለሆነ ብሌን መጠበቅ አያስፈልገውም። ትራኮማ ያቆሰለው ዓይን ደግሞ ስለሚደርቅና የደም ሥር ስለሚያበቅል የተተከለለትን ብሌን ብዙ ጊዜ አይቀበልም። ስለዚህ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ የታጠፈባት እናት በወረንጦ እየነቀለች ከምትቆይ ቶሎ ጤና ጣቢያ ሄዳ ቆቧን ብትታከም ይሻላታል። ለእርሷ ከዚህ የተሻለ ንቅለ ተከላ የለም።

ወደፊትስ?

በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ የአካል ልገሳና ንቅለ ተከላን ጉዳይ አካቷል። ከሟች የሚገኝ ኩላሊት ግን በሕግ ብቻ የሚመጣ አይደለም። የአንጎል ሞትን የሚያረጋግጥ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሌት ተቀን የሚሠራ ላቦራቶሪ፣ ኩላሊቱን በአንድ ቀን ገደማ ውስጥ የሚያደርስ ትራንስፖርትና ሰው የሚያምነው መዝገብ ያስፈልጋል። እምነቱን ለመገንባት ደግሞ የንስሐ አባቶችና የእድር ዳኞች ከሐኪሙ ባላነሰ ሊሠሩ ይችላሉ። በሐዘን ቤት ቃላቸው የሚሰማው የእነርሱ ነውና።

እስከዚያው ድረስ የኩላሊት ሕመም የተነገረው ሰው ሦስት ነገሮችን ዛሬውኑ ቢጀምር እመክራለሁ። የመጀመሪያው የደም ግፊቱንና ስኳሩን መቆጣጠርና የሕመም ማስታገሻ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አለመዋጥ ነው። ሁለተኛው «የንቅለ ተከላ ምርመራ ይገባኛል ወይ?» ብሎ ሐኪሙን ጠይቆ በወቅቱ ሪፈር ማጻፍ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እጥበት ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ ማንንም ሳያስገድድ በግልጽ መነጋገር ነው። ተራው የሚቀርበው በዚህ መንገድ ነው።

ቸር ይግጠመን።