«የአርባ ምንጭ ሙዝ» የሚለው ስም ከየት መጣ?

አዲስ አበባ ላይ ሙዝ ሻጩ «የአርባ ምንጭ ነው» ሲል ገዢው ጠጋ ይላል። ይህ ስም የእናንተ ነው። አመጣጡን ዛሬ እንይ፤ ከምትቆርጡበት ጊዜ ጋር ይገናኛልና።

ድሮ የጋሞ ደጋና ቆላ የሚገበያየው በእግር ነበር። ደገኛው ገብሱን፣ ቆጮውንና ሸማውን ይዞ ይወርዳል፣ ከቆላ ጥጥና በቆሎ ይዞ ይመለሳል። ሻጭና ገዢ ስለሚተዋወቁ የቆየውን «ትኩስ ነው» ብሎ መሸጥ ቀላል አልነበረም።

በ1950ዎቹ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ ላንቴ፣ ጫኖና ቆላ ሻራ ላይ በቆሎና ጥጥ የነበረው ማሳ፣ መስኖ እየገባለት፣ ቀስ በቀስ ሙዝ ሆነ። (ደጋው ላይ ጨንቻ በሚሲዮናውያን በኩል የገባው አፕልም እንዲሁ ዛሬ የአካባቢው መጠሪያ ሆኗል።)

ትልቁ የሙዝ ገበያ ግን 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው የተገኘው። የበሰለ ሙዝ ያን መንገድ አይችለውም። ስለዚህ አረንጓዴውን ተቆርጦ በአይሱዙ ይጫናል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ዝግ ክፍል ውስጥ ገብቶ ላምባ ይነድበታል። ጭሱ ውስጥ ኤትሊን የሚባል ጋዝ አለ፤ የሚያበስለው እሱ ነው። ሙዙ ራሱም ሲበስል ይህንኑ ጋዝ ያወጣል።

ችግሩ ያለው ከዚያ በፊት ነው። ኤትሊን ልጣጩን ቢጫ ያደርጋል እንጂ ግንዱ ላይ ሳለ ያልሞላውን ፍሬ አይሞላውም። ዋጋ ሲወደድ ደላላው «ቶሎ ቁረጥ፣ መኪናው ቆሟል» ይላል አይደል? ጨቅላው ሙዝ ቢጫ ሆኖ ይሸጣል፤ ቀምሰው ሲያዩት ግን ጣዕም የለውም። ያኔ ገዢው ደላላውን አያውቀውም፤ የሚያውቀው «አርባ ምንጭ» የሚለውን ስም ነው። እኔ እንደማየው ዋናው ኪሳራ ይሄ ነው።

ስለዚህ መኪናውን ሳይሆን ፍሬውን እዩ። የፍሬው ጎን ሹል ሹል ካለ ገና ነው፤ ማዕዘኑ ጠፍቶ ክብ እያለ ሲመጣ ሞልቷል። ለሲቀላ ገበያ የምታወጡት መንገዱ አጭር ስለሆነ ከዚያም በላይ ትንሽ ሊቆይ ይችላል። ከቆረጣችሁ በኋላም መሬት ላይ አትወርውሩት፤ ቅጠል አንጥፉለት፣ ጥላ ስር አቆዩት።