ምጽዋን መጎብኘት ድካሙን ይክሳልን?

አንድ ሰው ወደማያውቀው ከተማ ለመሄድ ሲያስብ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «መንገዱ ድካሙን ይክሳልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ስለ ሮማ ወይም ስለ ካይሮ ቢሆን መልሱ ብዙ ምርምር አያሻውም። እንደ ምጽዋ ስላለች ትንሽ፣ ሞቃትና ጦርነት የጎዳት የባሕር ጠረፍ ከተማ ሲሆን ግን ሚዛን ይዞ መቀመጥ ግድ ይሆናል። ይህ አጭር ጽሑፍ የማኅበራችን አባላት ምጽዋን በሙያቸው ዓይን እንዲመዝኗት በማሰብ የተዘጋጀ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላለመሄድ የሚቀርቡ ምክንያቶች

አስቀድሞ በሚዛኑ በአንደኛው ወገን የሚቀመጠውን እንመልከት። የምጽዋ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። ዝናቧ በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ሲሆን፣ የሚወርደውም እንደ ደጋው አገር በክረምት ሳይሆን በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። አሮጌው ከተማ የተቆረቆረባት ደሴት ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በእግር ዞሮ ለመጨረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ከታላላቅ ሕንፃዎቿ ብዙዎቹ ፈርሰዋል ወይም ተሰነጣጥቀዋል። ዕረፍትና ምቾት ብቻ የሚሻ መንገደኛ እንግዲህ ሌላ ስፍራ ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ከዚህም በላይ የሚከብድ ምክንያት አለ። ምጽዋ ዛሬ የሌላ ሉዓላዊ አገር፣ የኤርትራ ከተማ ናት። በ2018 በሁለቱ መንግሥታት መካከል ሰላም ሲወርድ የተከፈተው በር ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ጠብቧል። ጦርነቱ ሲያበቃ ሕፃናት የነበርን ወይም ገና ያልተወለድን የዚህ ትውልድ መሐንዲሶች የከተማዪቱን ስም የምንሰማው በአብዛኛው የወደብ ክርክር ሲነሣ ብቻ ነው። ስለዚህም በብዙዎቻችን አእምሮ ውስጥ ምጽዋ በካርታ ላይ ያለች ነጥብ እንጂ ሰው የሚኖርባት፣ ቤትና አደባባይ ያላት ከተማ አይደለችም።

ደሴቲቱና ውሃው

የምጽዋ ታሪክ ረጅም ነው። የአክሱም መንግሥት ታላቅ ወደብ ከእርሷ በስተደቡብ የምትገኘው አዱሊስ ነበረች፤ አዱሊስ ከጠፋች በኋላ ግን ንግዱ ቀስ በቀስ ወደ ደሴቶቹ ዞረ። የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ያረፉት በዚሁ ጠረፍ እንደሆነ የአገሩ ትውፊት ይናገራል፤ የሰሓባዎች መስጊድ የሚባለውም ይህንኑ ያስታውሳል። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲመጡ፣ በ1541 ደግሞ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ሲደርስ የገቡት በምጽዋ በኩል ነው። በ1557 ኦዝደሚር ፓሻ ለኦቶማን መንግሥት ያዛት። በ1865 ለግብፁ ኬዲቭ ለኢስማኢል ተላለፈች፤ በ1885 ደግሞ ጣልያኖች ገቡባት።

ለመሐንዲስ ዓይን ልዩ ሆኖ የሚታየው የግብፆች ዘመን ሥራ ነው። በ1871 የምጽዋ ገዥ ሆኖ የተሾመው የስዊስ ተወላጅ ቬርነር ሙንዚንገር ሁለት መሠረታዊ ችግሮች ገጠሙት፤ ደሴቶቹ ከምድር የተነጠሉ ነበሩ፤ የሚጠጣ ውሃም አልነበራቸውም። ለመጀመሪያው ችግር የምጽዋን ደሴት ከጠዋለት ደሴት፣ ጠዋለትን ደግሞ ከየብሱ የሚያገናኝ በባሕሩ ላይ በድንጋይ የተደለደለ መንገድ ተሠራ። ለሁለተኛው ከየብሱ፣ ከምንኩሉ አካባቢ ውሃ የሚያመጣ ቦይ ተዘረጋ። ከዚያ በፊት የጠረፉ ሕዝብ ውሃ እንዴት ያጠራቅም እንደነበረ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በአቅራቢያ ወዳለችው ወደ ዳህላክ ከቢር ቢሻገር፣ ከኮራሉ ዐለት ተፈልፍለው የተሠሩ በርካታ ጥንታዊ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎችን ያገኛል። ሙንዚንገር በ1875 በአውሳ ተገደለ፤ የተደለደለው መንገድ መስመር ግን ዛሬም ከተማዪቱን ከምድር ጋር ያያይዛታል።

ከባሕር የተጠረበ ቤት

የምጽዋ አሮጌ ቤቶች የተሠሩት ከኮራል ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ከባሕር እንደወጣ በቀላሉ ይጠረባል፤ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ቀዳዳ የበዛበትና ቀላል ስለሆነም ሙቀትን በፍጥነት አያሳልፍም። ይሁን እንጂ ድክመት አለው፤ ክብደት የመሸከም ኃይሉ ውስን ነው፤ ጨውና እርጥበትም ይመጣል። የጥንቶቹ ግንበኞች ለመጀመሪያው ድክመት በግድግዳው ውስጥ በየተወሰነ ከፍታው አግዳሚ እንጨት አስገቡ፤ እንጨቱ ክብደቱን ያከፋፍላል፤ ግድግዳውንም ያስተሳስራል። የደብረ ዳሞን ቤተ ክርስቲያን ያየ ሰው ይህን ዘዴ ወዲያው ያውቀዋል፤ በደጋው አክሱማዊ ግንብና በጠረፉ የኮራል ቤት መካከል ድንጋዩ ቢለያይም አሳቡ ይቀራረባል። ለሁለተኛው ድክመት መድኃኒቱ ኖራ ነበር፤ የኖራ ልስን ግድግዳውን ከዝናብና ከነፋስ እየጠበቀ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስተነፍሰዋል።

ምድር ቤቱ ለንግድና ለዕቃ ማስቀመጫ፣ ፎቁ ለመኖሪያ ያገለግላል። ከፎቁ ወደ ጎዳናው ወጣ ብለው የተሠሩት፣ በእንጨት ፍርግርግ የተሸፈኑት መስኮቶች የባሕሩን ነፋስ ይስባሉ፤ ፀሐዩን ይከለክላሉ፤ በቤት ውስጥ ያለውን ሰውም ከመንገደኛ ዓይን ይሰውራሉ። ማቀዝቀዣ መኪና ባልነበረበት ዘመን አንድ መስኮት ሦስት ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው። እነዚህ ቤቶች ዛሬ የሚፈርሱበት አንዱ ምክንያት ልስናቸው በየጊዜው ስላልታደሰ ነው። በሲሚንቶ መጠገን ደግሞ ጉዳቱን ያብሳል፤ ሲሚንቶ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ እርጥበቱን ያፍናል፤ በውስጥ የቀረው ጨውም ሲደርቅ ድንጋዩን ይፈረካክሰዋል። በኖራ የተገነቡ የራሳችንን አሮጌ ግንቦች በሲሚንቶ ለመድፈን የምንቸኩል ሁሉ ይህን ልብ ማለት ይገባናል።

ከጠረፍ ወደ ደጋ

በ1887 ራስ አሉላ በዶጋሊ ወደ 500 የሚጠጋ የጣልያን ጦር ደመሰሱ። ሽንፈቱ ጣልያኖችን ካስተማራቸው ነገር አንዱ፣ ያለ ባቡር ጦራቸውን ከጠረፉ አርቀው መመገብ እንደማይችሉ ነበር። በዚያው ዓመት የተጀመረው ሐዲድ በ1888 ሰዓጢ ደረሰ፤ በ1904 ጊንዳዕ፣ በ1911 አሥመራ ገባ። የሐዲዱ ስፋት 950 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 118 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ርቀት ከባሕር ወለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ዳገቱ በእኩል ቢከፋፈል በየ100 ሜትሩ 2 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት ይሆናል፤ የጠረፉ ምድር ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ትልቁ ድርሻ የሚወድቀው በጉዞው መጨረሻ ላይ ነው። ጠባብ ሐዲድ የተመረጠውም በተራራው ወገብ ላይ በጠባብ ማዕዘን እንዲጠማዘዝ ነው።

በ1937 ደግሞ ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ወቅት ዕቃ ለማመላለስ የታቀደው፣ ከ70 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የሽቦ ገመድ ማመላለሻ ከምጽዋ እስከ አሥመራ ተዘረጋ። በዘመኑ በዓለም ላይ ረጅሙ ነበር። ባቡሩ ተራራውን ይዞራል፤ ገመዱ ሸለቆውን ይሻገራል፤ ለአንድ ዳገት የተሰጡ ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ሥራው የጦር ዓላማ ያለው መሆኑን ሳንዘነጋ፣ ድንጋዩን የጠረቡትና ዐለቱን የሰበሩት የአገሩ ሠራተኞች ስማቸው በድልድዮቹ ላይ እንዳልተጻፈም እናስታውስ።

መፍረስና መነሣት

በ1921 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የከተማዪቱን ትልቅ ክፍል አፈረሰ። ከዚያ በኋላ በተሠሩት ሕንፃዎች አርማታ ከአሮጌው የቅስትና የበረንዳ ስልት ጋር ተጣምሮ ይታያል። ሆኖም የባሕር አየር ለአርማታም ጠላት ነው፤ ጨው ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገቱ ሲያብጥ የሸፈነውን ኮንክሪት ይገነጥለዋል።

በ1941 ጣልያኖች ከተማዪቱን ለእንግሊዞች ከመልቀቃቸው በፊት ወደቡ እንዳያገለግል መርከቦችንና ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎችን አሰመጡ። በማግሥቱ ዓመት አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መሐንዲስ ኤድዋርድ ኤልስበርግ፣ በጥቂት ሰዎችና በጥቂት መሣሪያ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ፣ የሰመጠውን ትልቁን መጠገኛ በተጨመቀ አየር ኃይል አንሳፈፈው። የሽቦ ገመዱ ማመላለሻ ግን ከጦርነቱ በኋላ ተነቅሎ ቀረ።

ከሁሉ የሚከብደው ምዕራፍ የቅርቡ ነው። በፌብሩዋሪ 1990 የኤርትራ ሕዝባዊ ነፃነት ግንባር ጦር ምጽዋን ያዘ። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት አየር ኃይል ከተማዪቱን ደጋግሞ በቦምብ ደበደበ፤ ሲቪል ነዋሪዎች ሞቱ፤ ቤቶች ፈረሱ። መሠረቱ በሙንዚንገር ዘመን የተጣለው፣ በኋላም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ይቀመጡበት የነበረው የጠዋለት ቤተ መንግሥት በዚያ ጦርነት ክፉኛ ተጎዳ። በጠዋለት መግቢያ ላይ ሦስት ታንኮች ለመታሰቢያ ቆመዋል። ከእኛ አገር የሚሄድ ጎብኚ ይህን ሁሉ እንደ ማንኛውም የውጭ አገር መንገደኛ አልፎት ሊሄድ አይችልም፤ ከሚያያቸው ፍርስራሾች መካከል የገዛ አገሩ አውሮፕላኖች ያፈረሷቸው አሉና።

ሐዲዱም በጦርነቱ ዘመን ተነቅሎ ለምሽግ መሥሪያ ውሎ ነበር። ኤርትራ በ1993 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ ጡረታ ወጥተው የነበሩ አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው ሐዲዱን ከየምሽጉ እየለቀሙ፣ ዕድሜ የጠገቡትን የእንፋሎት ሞተሮች እያደሱ፣ በ2003 መስመሩን መልሰው ከምጽዋ አሥመራ አደረሱት። በሙያችን ታሪክ ከዚህ የበለጠ የሚያኮራ ሥራ በአካባቢያችን ማግኘት ያስቸግራል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ሚዛኑ ወዴት ያደላል? በእኔ ግምት ወደ መሄዱ ነው። የሙቀት፣ የውሃ እጥረት፣ የዳገት፣ የጨው፣ የመሬት መንቀጥቀጥና የጦርነት ፈተናዎች፣ ከነመልሶቻቸው፣ በእግር በሚዳረስ ስፍራና ከእርሱ በሚነሣ አንድ የባቡር መስመር ላይ ተሰብስበው የሚታዩባት ሌላ ከተማ በአካባቢያችን አላውቅም።

ይሁን እንጂ ጉዞው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛ፣ ከአሥመራ በየብስ መውረድ ይሻላል፤ በአየር ወይም በባሕር የሚገባ ሰው የዳገቱን ነገር አይረዳውም። ሦስተኛ፣ እንግዳ ሆኖ መሄድ ነው፤ እንግዳ የገባበትን ቤት የኔ ነው አይልም፤ ቤቱ ስለደረሰበት ጉዳትም ባለቤቱ ሲናገር ያዳምጣል።

በሩ ሰፋ ብሎ የሚከፈትበት ቀን ሲመጣ ማኅበራችን ከኤርትራውያን የሙያ ባልደረቦቻችን ጋር ተማክሮ፣ እነርሱ ከፈቀዱ፣ ወጣት መሐንዲሶችን ሜትርና የሥዕል ደብተር አስይዞ ቢልክ መልካም ነው። የኮራል ቤቶቹ በየዓመቱ እየሳሱ ስለሚሄዱ፣ ግድግዳዎቻቸው ሳይወድቁ መለካትና መመዝገብ ይኖርባቸዋል።