አቀንጭራና የተራበ አፈር፦ የተፈጥሮ ሕግ በሀብሩ የማሽላ ማሳ

ዘመናዊው ሰው ከተፈጥሮ ሕግ ጋር ተስማምቶ መኖር ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የሚነሣው፣ የቀደሙት ተስማምተው ይኖሩ ነበር፣ ስምምነቱን ያፈረሰው ሥልጣኔ ነው ከሚል ግምት ጋር ሲሆን፣ በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ በመርሳ ዙሪያ ያለው የማሽላ ማሳ ግን ግምቱን አያጸናም።

በዚያ ማሳ ገበሬውን ከሚያስመርሩት ነገሮች አንዱ አቀንጭራ ነው። አቀንጭራ በሌላ ተክል ሥር ላይ ተጣብቆ ውሃውንና ምግቡን የሚመጥ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ጥገኛ አረም ሲሆን፣ አንዱ ተክል እንደ አቧራ የደቀቀ ዘር በአሥር ሺዎች ያፈራል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይበቅልም ሳይሞትም ሊቆይ ይችላል። የሚቀሰቅሰው የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ስትራይጎላክቶን የተባለ ኬሚካል ነው። ማሽላው ጠላቱን የሚጠራበት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ግልጽ አልነበረም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ኬሚካሉ ከሥር ጋር ተረዳድቶ ለሚኖር፣ ፎስፈረስን ከአፈር ሰብስቦ ለተክሉ ለሚያቀብል ፈንገስ የሚላክ ምልክት መሆኑን አሳዩ። አፈሩ በተራበ ቁጥር ማሽላው ጥሪውን ያበዛል፣ አቀንጭራም ያንኑ ጥሪ ይሰማል። ሕጉ ለማሽላ አያዳላም፤ አንዲት ቅንጣት ሳይጣስ ሰው ሊራብ ይችላል።

አፈሩን ያስራበው ትራክተር ወይም ፋብሪካ አልነበረም። መሬት ሲጠብ ማሳን ማሳደር ቀረ፤ እንጨት ሲጠፋ ፍግ ኩበት ሆኖ ነደደ፤ አገዳውም ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለቤት ሥራ ከማሳው ወጣ። ጥፋቱ የተፈጸመው በበሬና በሞፈር፣ በአባቶች ወግ ነው።

መላው በአንጻሩ ከቤተ ሙከራ መጣ። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ዝርያ አሻሻይ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ፣ የማሽላን ጥሪ ዝቅ በማድረግ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን አዳቀሉ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙትም በማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ ነው። ጎብዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ተቋቋሚ ዝርያዎች በኢትዮጵያ ተለቀዋል፤ በዚያው በሀብሩ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም አረሙን ሲታገል ከቆዩት ተቋማት አንዱ ነው። ሕጉን ዐውቆ በሕጉ መሥራት ይህ ነው፤ አረሙ አልተመረዘም፣ የሚቀሰቅሰው ጥሪ ብቻ ቀነሰ።

ይሁን እንጂ ፈጥነው የሚደርሱት ዝርያዎች አገዳቸው አጭር በመሆኑ፣ እንደ ጅጉርቲ ባለ ረጅም የአገር ማሽላ የለመደ ገበሬ እህሉን አግኝቶ መኖውንና ማገዶውን ሊያጣ ነው፤ ማመንታቱን አለማወቅ ብሎ መፈረጅ ስሕተት ይመስላል። ዝርያው ብቻውን የተራበውን አፈር አያጠግብም። ባለሙያዎች ተቋቋሚውን ዘር ከማዳበሪያና ውሃ ከሚያቁር የታገደ ቦይ ጋር አጣምሮ መጠቀምን የሚመክሩትም ለዚህ ነው፤ ፍጉ ወደ ማሳው እንዲመለስ ግን ምጣዱ የሚሰማበት ሌላ ማገዶ ወይም የኤሌክትሪክ ኃይል አስቀድሞ ቤቱ መድረስ አለበት።