የጥልቅ ቅጂ ታሪክ በፕሮግራም ቋንቋዎች
ኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግ፣ ማለትም መረጃንና መረጃው ላይ የሚሠራውን ስልት «ኦብጀክት» በተባለ አንድ አካል አጣምሮ የሚይዘው ዘዴ፣ መነሻው ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎር በኦስሎ የቀረጹት ሲሙላ 67 ነው። አንዱ ኦብጀክት ሌላውን በውስጡ ሲይዝ ቅጂው እስከ ምን ድረስ ይዝለቅ የሚለው ጥያቄ ግን ጎልቶ የሚታየው በካሊፎርኒያ በዜሮክስ የምርምር ማእከል በተሠራው ስሞልቶክ 80 ውስጥ ሲሆን፣ ይህ ቋንቋ ውጫዊውን ኦብጀክት ብቻ የሚገለብጠውን ጥልቀት የሌለው ቅጂ፣ ውስጡ ያሉትንም ከሚያባዛው ጥልቅ ቅጂ በተለያየ ትእዛዝ ለይቶታል።

ልዩነቱ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ምሳሌ ይገለጣል። በሳነቴ አምባ የሚኖር የቀይ ቀበሮ መንጋ በኦብጀክት ተመዝግቦ የአባላቱን ዝርዝር ቢይዝና መዝገቡ ለአዲሱ ዓመት ጥልቀት በሌለው ቅጂ ቢገለበጥ፣ ሁለቱም መዝገቦች ያንኑ አንድ ዝርዝር ስለሚያመለክቱ፣ ዘንድሮ የተወለደ ቡችላ ሲጨመር የአምናው ቆጠራም አብሮ ይለወጣል። ጥልቅ ቅጂም ቢሆን ከችግር ነጻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ቀበሮ መልሶ መንጋውን የሚያመለክት ከሆነ፣ ጥንቃቄ የጎደለው ገልባጭ ከመንጋ ወደ ቀበሮ፣ ከቀበሮ ወደ መንጋ እየተመላለሰ የኮምፒዩተሩ ሜሞሪ እስኪያልቅ ይዞራል።

እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ጃቫ «ክሎን» የተባለውን ትእዛዝ በመሠረቱ ጥልቀት የሌለው ማድረጉ፣ ሸክሙን ወደ ፕሮግራም ጸሐፊው ያሸጋገረ፣ ብዙም የማያስመሰግን ውሳኔ ነበር። ፓይተን በበኩሉ ጥልቅ ቅጂ ሲሠራ የገለበጠውን ሁሉ በማስታወሻ መዝገብ እየያዘ፣ ያው ኦብጀክት ዳግም ሲገጥመው አስቀድሞ የተዘጋጀውን ቅጂ ስለሚጠቀም፣ የመንጋውና የቀበሮው ትስስር በአዲሱም መዝገብ ሳይበጠስ ይቆያል።