ከበሮው ማንን ይጠራ ነበር?

ዜማ ይፈውሳል ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለን ዳዊት ነው። ንጉሥ ሳኦልን ክፉ መንፈስ ባስጨነቀው ቁጥር ዳዊት በገናውን ይደረድርለት፣ ንጉሡም ዕረፍት ያገኝ ነበር። በገናም በአገራችን የመኳንንትና የሊቃውንት መሣሪያ ሆኖ ተከብሮ ኖሯል። ከዚያ ክብር ርቆ ግን በድሆች ሴቶች ጎጆ የሚሰማ ሌላ ዜማ ነበር።

በ1924 ዓ.ም. በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጓድ ከሱዳን ተነሥቶ በዚህ በእኛ ቆላ፣ በመተማ በር፣ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከጓዱ አንዱ ገጣሚው ሚሼል ሌሪስ ነበር። ጎንደር እንደ ደረሰ መልካም አየሁ ወደሚባሉ የዛር እመቤት ቤት ይመላለስ ጀመር፤ በአስተርጓሚነትና በጸሐፊነት የረዱት አባ ጄሮም ነበሩ።

በዚያ ቤት ከበሮ ይመታል፤ ይጨበጨባል፤ ይዘፈናል። እያንዳንዱ ዛር የሚታወቅበት ጉሪና ፉከራ አለው። በቤቷ ቀና ብላ የማትናገር ሴት በዛሩ ስም እንደ ጀግና ትፎክራለች፤ የሻትን ትጠይቃለች፤ ትሰማለችም። ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን ከቴአትር ጋር አነጻጸረው። ለእኔ ግን ከቴአትሩ ይልቅ መደመጡ ይበልጥብኛል።

ዛርን ማወደሴ አይደለም። ድግሱና ግብሩ የድሃ ቤት አራቁቷል፤ ቤተ ክርስቲያን አውግዛዋለች፤ ሐኪም የሚያሻውንም ሕመምተኛ አዘግይቷል። ሆኖም በውስጡ አንድ እውነት ነበረ፤ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የራሱን ዜማ መፈለግ።

ይህንኑ እውነት ዘመናዊው የሙዚቃ ሕክምናም በራሱ መንገድ ደርሶበታል። በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች አልጋ አጠገብ አድጎ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የሙያ ማኅበር አቆመ። ዛሬ የሠለጠነ ባለሙያ በስትሮክ አንደበቱ የተያዘ ሰው በዜማ ቃል እንዲያወጣ ያግዛል፤ የመርሳት ሕመምተኛን ያረጋጋል፤ ከመደበኛው ሕክምና ጋር ተደምሮም የድባቴን ሸክም ያቀልላል።

ዛር ድንበር አያውቅም፤ በሱዳንም በከበሮ ይጠራል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሱዳናውያንና ከዚያ የተመለሱ ወገኖቻችን ሌሪስ በገባበት በዚያው በር ገብተዋል። በባንክ መስኮቴ ፊት ቆመው ስማቸውን ስጠይቃቸው የሚዘገዩ አሉ። ስማቸውን ጽፌ ገንዘባቸውን ቆጥሬ እሰጣለሁ፤ ሥራዬ ይኸው ነውና። ያዩትን በራሳቸው አንደበት መናገር የተሳናቸውን እነዚህን ሰዎች ግን ማን፣ በየትኛው ዜማ ይጠራቸው ይሆን?